መኪናው በምን ሞተ? ያገለገለ መለዋወጫን አይቶ የመግዛት ዘዴ

የአዲስ አበባው ያገለገለ መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ገብተው አንዱ ሱቅ ፊት ሲቆሙ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «የምን መኪና?» ብሎ ነው። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት እርስዎም በተራዎ ይጠይቁት፦ «ይህ ዕቃ የወጣበት መኪና በምን ሞተ?» መልሱን የሚያውቅ፣ ከተቻለም ቀፎውን የሚያሳይ ሻጭ፣ ከሁሉም የረከሰ ዋጋ ከሚሰጥዎ ሻጭ ይበልጣል። ሁለት ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው ዕቃ) ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዱ ከተገለበጠ መኪና፣ ሌላው ጎርፍ ከዋጠው መኪና የወጣ ሊሆን ይችላል። በጨርቅ ከተወለወሉ በኋላ መልካቸው አንድ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የዚህ ዓይነት ገበያ ውበቱም እዚያው ላይ ነው። አዲስ ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ስለሚመጣ የሚነግርዎ ነገር የለም። ያገለገለ ዕቃ ግን የኖረበትን ሁሉ በላዩ ጽፎ ይዞታል፤ ማንበብ የለመደ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ይህን ማንበብ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ያለው ኮሮላ፣ ቪትዝና ሚኒባስ የሚኖረው እርስ በርሱ አካል እየተዋዋሰ ነው።

ከቤት ሲወጡ

ከሁሉም በፊት የተበላሸውን ዕቃ ራሱን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። ፎቶ አይበቃም። የብሎን ቀዳዳ ርቀት፣ የፑሌጃው፣ ማለትም ቀበቶው የሚዞርበት መንኮራኩር፣ ስፋትና የሶኬቱ ቅርጽ በፎቶ አይለኩም፤ ከዚህም በላይ ብዙ ሱቆች አሮጌውን ሲሰጧቸው ከዋጋው ላይ ይቀንሱልዎታል።

ቦርሳዎ ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ በክር የታሰረ ማግኔት፣ ካሊፐር፣ ቴስተር፣ ትንሽ የሽቦ ብሩሽ፣ ጠመኔና ደማቅ የጥፍር ቀለም ይኑር። የጥፍር ቀለሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ስለ ዋጋ ስናወራ እናየዋለን። ዕቃውን ከቀፎው ላይ እርስዎ የሚፈቱት ከሆነ ለጃፓን መኪና 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁልፍ ይበቃል። ለላዳና ለአውሮፓ መኪኖች 13 ይጨምሩ፤ ጃፓን ሠራሽ መኪና ላይ 13 ቁጥር ብሎን ካገኙ ግን ሌላ ሰው ነካክቶት እንደነበር ይጠርጥሩ። የፈቱትን ብሎን ሁሉ ከዕቃው ጋር ይውሰዱ። የቶዮታ 10 ሚሊሜትር ብሎን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት በብዛት 1.25 ሚሊሜትር ሲሆን ከሱቅ የሚገዛው ተራ ብሎን ብዙ ጊዜ 1.5 ነው። በግድ ካስገቡት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይልጠዋል።

በምን ሞተ?

ከፊት የተጋጨ መኪና ለገዢ ሲሳይ ነው። ከኋላ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ፣ የኋላ በሮቹ፣ ታንቡሩ (የፍሬን ከበሮው) እና ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) እስከ ግጭቱ ደቂቃ ድረስ ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ከፊት ያለውን ግን በጥርጣሬ ይዩት። ራዲያተሩ ባይቀደድ እንኳ ግንኙነቱ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዲናሞውም ጆሮው፣ ማለትም ብሎን የሚገባበት ክፍል፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ይመልከቱት። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቅርፊት ዙሪያውን ይዳሰስ፤ ግጭት ሞተሩን ወደ ኋላ ሲገፋው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።

በጎን የተገጨ መኪና ሞተሩና ካምቢዮው ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። በተገጨበት በኩል ያለውን ሰሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ)፣ ቸርኬና አሞርዛተር ግን ይተዉት። የታጠፈ ሰሚያስ በዓይን አይታወቅም፤ መኪናው 80 ሲደርስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የተገለበጠ መኪና ያታልላል። ቀፎው ተጨራምቶ ሞተሩ ግን ንጹሕ ይመስላል። ተገልብጦ ሳለ ሞተሩ ካልጠፋ ግን ዘይቱ ከካርተሩ (ከሥር ካለው የዘይት ገንዳ) ሸሽቶ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ልባስ) በደረቁ ይፈጫል። የዘይት መውጫውን ብሎን አስፈትተው ማግኔቱን ያስገቡ። ጥቂት ጥቁር ዝቃጭ ቢወጣ የተለመደ ነው። የሚያብለጨልጭ ቢጫማ ወይም ነጣ ያለ ቅንጣት በዘይቱ ውስጥ ካዩና ማግኔቱ ካልሳበው የብሮንዚና ፍርፋሪ ነው፤ ሞተሩን ይተዉት።

ጎርፍ የገባበትን መኪና ሻጭ አይነግርዎትም። ምልክቱን በራስዎ ይፈልጉ፦ የወንበር ሐዲድ ሥር የደረቀ ደቃቅ ጭቃ፣ መብራት ውስጥ አግድም የተሰመረ የውሃ ደረጃ፣ የትርፍ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ዝገት፣ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻ ሲስቡት የሚወጣ ቡናማ መስመር። ከእንዲህ ያለ መኪና በር፣ ኮፈንና ቸርኬ ይገዛል። ኮምፒውተር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው)፣ ሽቦና ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ) ያለበት ማንኛውም ነገር አይገዛም። ኩሽኔታ ውኃ ከገባበት መሬት ላይ ሲያዞሩት ለጥቂት ሳምንት ይሸነግላል፣ ከዚያ ያጓራል።

ከሁሉም የሚሻለው ሞተሩ ሞቶ የቆመ መኪና ነው። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ሲነዳው ስለነበር ከሞተሩ በቀር ሌላው ሁሉ ይሠራ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀፎ ካገኙ የሚያስፈልግዎን አንድ ዕቃ ብቻ አይመልከቱ። ነገ የሚሰበርብዎትንም አስበው ይጠይቁ፤ ሁለትና ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ሲወስዱ ዋጋውም ይቀንሳል።

ቆሞ የከረመ መኪና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አምስት ክረምት ሜዳ ላይ ያሳለፈ መኪና ጎሚኒው ሁሉ ደርቋል፣ የፍሬን ፒስተኖቹ ዝገዋል፣ ሳልባትዮው ውስጥ ቤንዚኑ እንደ ቫርኒሽ ጠጥሯል። መስታወቱ፣ ክሩስኮቱና የውስጥ ዕቃው ግን ጋራዥ ውስጥ የከረመ ከሆነ እንደ አዲስ ነው።

ቁጥር ማንበብ

የመኪናዎን የሞዴል ቁጥር ይወቁ። «ቪትዝ» ማለት አይበቃም። ኤስሲፒ10 የሚባለው 1.0 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሲኖረው ኬኤስፒ90 ደግሞ 1.0 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር ነው፤ ሁለቱም በአነጋገር «ቪትዝ አንድ ሺህ» ናቸው፤ የሞተር ዕቃቸው ግን አይዋዋስም። ቶዮታ ላይ ኮፈኑ ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሳህን የሞዴል፣ የሞተር፣ የቀለምና የካምቢዮ ኮድ ይዛለች። የቀለም ኮዱን ችላ አይበሉ። 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር ነው፤ በር ወይም ፓራፋንጎ ሲገዙ ያው ኮድ ያለውን ቢያገኙ የቀለም ቤት ወጪው ይቀርልዎታል።

የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አሥር አሃዝ ሆኖ በመካከል በሰረዝ ይከፈላል። የፊተኛው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራል፦ 27060 ዲናሞ፣ 28100 ሞተሪኖ፣ 16400 ራዲያተር፣ 11101 ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ 89661 የሞተር ኮምፒውተር። የኋለኛው አምስት የየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይለያል። ለዲናሞ የኋለኛው አምስት ባይገጥም እንኳ ብሎን ቀዳዳው፣ ፑሌጃውና ሶኬቱ ከገጠመ፣ አምፔሩም ከአሮጌው ካላነሰ ይሠራል። ለኮምፒውተር ግን አሥሩም አሃዝ ሊገጥም ይገባል፤ ቁልፉ ቺፕ ያለው መኪና ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር ቁልፉንና የቺፕ ማንበቢያውን አብረው ካልገዙ ሞተሩ አይነሣም።

ዱባይና ሻርጃ፣ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ዕቃ እንዲልክልዎ ሲያዙም የሚልኩለት ይህንኑ ቁጥር ነው። «ዲናሞ» ቢሉት ግራ ይጋባል፤ እኛ ዲናሞ የምንለውን ውጭ አገር አልተርኔተር ይሉታል። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ ተራ ውስጥ እንጂ ሻርጃ ውስጥ አይሰሙም።

የመንገድ አቅጣጫም ይታሰብ። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ናት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ በዚህ ረገድ ይስማማናል። ከጃፓን ወይም ከኬንያ መኪና የወጣ የፊት መብራት ግን ብርሃኑን ከፍ አድርጎ የሚወረውረው ወደ ግራ ስለሆነ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ይህን በአምፖል ቅያሪ ማስተካከል አይቻልም፤ ቅርጹ ራሱ መስታወቱ ወይም አንጸባራቂው ላይ የተቀረጸ ነው። ማታ ግድግዳ ፊት አብርተው የብርሃኑ ጫፍ በየት በኩል ወደ ላይ እንደሚወጣ ቢያዩ ወዲያው ይለዩታል።

ዲናሞና ሞተሪኖ

ዲናሞውን በእጅዎ ይዘው ፑሌጃውን ያዙሩት። ለስላሳና ዝም ያለ መሆን አለበት። ሻካራ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ግን ርካሽ ጥገና ስለሆነ በዚህ ብቻ አይጣሉት። ፑሌጃውን ወደ ጎን ሲያናውጡት ከተንቀሳቀሰ የኩሽኔታው ቤት ሰፍቷልና ይተዉት። ከዚያ ካርቦኑን (ኮረንቲ የሚያስተላልፈውን ብሩሽ) አስከፍተው ያስለኩ፤ በቶዮታ ዲናሞ ላይ ከቤቱ ወጥቶ የሚታየው አዲስ ሲሆን 10.5 ሚሊሜትር ነው፣ 1.5 ሲደርስ ያበቃለታል። ካርቦን ቢያልቅም በርካሽ ይተካል፤ ካርቦኑ የሚሄድበት የመዳብ ቀለበት ግን ጉድጓድ ካወጣ ጥገናው ከዕቃው ይከብዳል።

ሱቁ ባትሪና መሞከሪያ ካለው ያስሞክሩ። ካልሆነ መኪናዎ ላይ አስገጥመው ይለኩ። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሄድ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማየት አለብዎ። መብራቱ ሁሉ በርቶ ከ13.5 በታች ከወረደ ደክሟል። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚገታው) ሞቷል፤ ባትሪውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ምርመራ አለ፦ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው እዚያው ባትሪ ላይ ይለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ አንዱ ዳዮድ ተቃጥሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዲናሞ በመጀመሪያው ቀን ደህና ይሞላል፤ መኪናው አድሮ ጠዋት ባትሪው ባዶ ይሆናል፤ ሰውም ባትሪውን ይረግማል።

ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ካልዞረ ሙት ነው ብለው አይቸኩሉ። የቶዮታ ሞተሪኖ ውስጥ ሶሌኖይዱ የሚነካቸው ሁለት የመዳብ ቁርጥራጮች አሉ፤ በዕድሜ ብዛት ተበልተው ኮረንቲውን ማስተላለፍ ያቆማሉ። ኤሌክትሪሺያን ሁለቱን ቁርጥራጮች ቀይሮ ሞተሪኖውን ያስነሣዋል። ስለዚህ ጠቅ የሚል ሞተሪኖ በርካሽ ካገኙ ይግዙት። ጥርሱ የተሸራረፈውን ግን አይንኩ፤ የሞተሩን ትልቅ ጥርስ ይዞ ይሄዳል።

ሞተር፣ ቴስታታና ከፍታችን

ሞተር ሲገዙ ከቀፎው ሳይወጣ ማስነሣት ከሁሉም የተሻለ ፈተና ነው። ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን በእጅ ይንኩት፤ ሞቆ ከጠበቀዎ አስቀድመው አሙቀውታል ማለት ነው፣ የቀዝቃዛ ማስነሻ ጭሱን እንዳያዩ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ነጭና የማይጠፋ ጭስ ውኃ ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር እንደ ወተት የነጣ ቅባት ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ኮምፕሬሽን ሲለኩ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ሞተሪኖው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት ምት ያህል ያዙረው። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በስሕተት ይጣላል። የፋብሪካ መጽሐፍ የሚሰጠው ልክ ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ ያለው የቤንዚን ሞተር እዚህ 135 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ችግር አለ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ካሉ ቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል።

ቴስታታ ለብቻው ከገዙ ስንጥቅ መፈለግ ግዴታ ነው። በተለይ የሚኒባስና የሃይሉክስ 2ኤል ናፍጣ ሞተር ቴስታታ ውኃ አጥሮት ከሞቀ በሁለቱ ቫልቮች መካከል መሰንጠቁ የታወቀ ነው። ያለ መሣሪያ የሚደረግ አስተማማኝ ፈተና አለ፦ ቦታውን በሽቦ ብሩሽና በቤንዚን ያጽዱ፣ ይድረቅ። ላምባ ቀብተው አሥር ደቂቃ ይተዉት። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጠመኔ ፈጭተው ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ወጥቶ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሥላል። ፊቱ ቀጥ ማለቱን ደግሞ በቀጥተኛ ብረትና በፊለር ጌጅ ያረጋግጡ፤ በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች 0.05 ሚሊሜትሯ ሥር ከገባች ማስላጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት ተልጦ ከሆነ ውፍረቱን ሳይለኩ አይግዙ።

ራዲያተርና ቴርሞስታት

ራዲያተሩን ሞልተው የታችኛውን ጉሮሮ በአንድ ጊዜ ይልቀቁት። ውኃው ጎርፎ መውጣት አለበት፤ እየተንጠባጠበ ወይም በቀጭኑ ከወረደ ውስጡ በካልክ ተደፍኗል። ክንፎቹን በጣትዎ ቀስ አድርገው ይጫኗቸው፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተፈረፈሩ ሙቀት አያስተላልፉም። ነሐስ ራዲያተር በስታኞ ይበየዳል፤ የፕላስቲክ ጋን ያለው አሉሚኒየም ራዲያተር ጋኑ ከተሰነጠቀ ሙጫ አይዘውም።

ቴርሞስታት በፈላ ውኃ ሲፈተን ሙሉ በሙሉ አለመከፈቱን አይተው የጣሉ ብዙዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በ82 መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ስለዚህ የፈላ ውኃ ውስጥ ግማሽ ያህል ከተከፈተ ጤነኛ ነው። ቢሆንም ቴርሞስታት አዲሱ ርካሽ ስለሆነ አዲስ እንዲገዙ እንመክራለን። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ግን ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ነዳጅ እንዲበላና ፋሻው ቶሎ እንዲያልቅ ያደርገዋል።

ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ታንቡር

የማኑዋል ካምቢዮ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገብተው ዘንጉን ያዙሩ፤ ዘይቱን በጣትዎ ይፈትሹ። ዘንጉ ላይ ያለውን የፍሪሲዮን ጥርስ ብዛት ቆጥረው ከዲስክዎ ጋር ያስተያዩ፤ በአንድ ጥርስ ልዩነት አይገባም። ኦቶማቲክ ከሆነ ዘይቱ ቀይ ይሁን። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ዘይት ቢቀየርለትም አይድንም።

ባለ 4 ጎማ ግፊት ሃይሉክስ ላይ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ቁጥር እኩል ካልሆነ 4 ጎማ ሲያስገቡ ሁለቱ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ የማከፋፈያው ማርሽም ሊሰበር ይችላል። ቁጥሩን ለማወቅ ዲፈረንሻሉ ላይ አንዱን ጎን አስይዘው ሌላውን ልክ ሁለት ዙር ያዙሩ፤ የፊት ዘንጉ የሚዞረው ብዛት ቁጥሩ ነው። አራት ዙርና ከግማሽ ትንሽ አለፍ ካለ 4.556፣ አራትና ከሩብ አለፍ ካለ 4.3 ነው።

ታንቡርና ዲስክ ላይ ፋብሪካው ራሱ የሞት ልኩን ቀርጾበታል። የኮሮላ ታንቡር 200 ሚሊሜትር ሆኖ ይወለዳል፣ 201 ሲደርስ ይጣላል። ካሊፐሩ ከዚያ በላይ ካነበበ፣ ወይም ዳር ዳሩ ከንፈር አውጥቶ ከታየ፣ «ይላጥልዎታል» ቢልዎትም አይስሙት፤ ሲላጥ ይብሱን ይሳሳል፣ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄዳል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አይንፉ፤ በውኃ አርጥበው ይጥረጉት።

አሮጌ የማይገዛ

የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያ)፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፓራሎሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎሚኒ)፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንና የመቀመጫ ቀበቶ። ኤርባግ ደግሞ ፈጽሞ። የታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሙቀትና እርጥበት ካዳከማቸው በኋላ ሲፈነዱ ብረት ስለሚወረውሩ ኮሮላንና ያሪስን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ እንዲመለሱ ተደርጓል። ከተራ የተገዛ ኤርባግ ከእነዚህ አንዱ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም። ጎማ ከገዙም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ዋጋ፣ ምልክትና ወረቀት

ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ አይክፈሉ፤ ደላላ ይዘው ከገቡ ኮሚሽኑ ዋጋው ውስጥ መሆኑን ይወቁ። ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ፎርጅድ ጋር ሲወዳደር በዲናሞ፣ በሞተሪኖ፣ በካርቦራተርና በካምቢዮ ዕቃ ያገለገለውን እንመርጣለን። በጎሚኒና በፕላስቲክ ዕቃ ግን አዲስ ፎርጅድም ቢሆን ከደረቀ ኦርጅናል ይሻላል።

ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት የመሞከሪያ ቀን ይስማሙ። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሦስት ቀን፣ ለሞተርና ለካምቢዮ አንድ ሳምንት ቢጠይቁ ነውር የለውም። ሻጩ ዕቃው እንዳይለወጥበት በቀለም ምልክት ያደርጋል። እርስዎም በጥፍር ቀለሙ በማይታይ ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉና በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ክርክር ቢነሣ ሁለታችሁም በአንድ ዓይን ታያላችሁ።

ስፖኪዮ፣ የፊት መብራትና ኮምፒውተር ከሁሉም በላይ የሚሰረቁ ዕቃዎች ናቸው። የተቆረጠ ሽቦ ያለው፣ ብሎኑ ሳይፈታ የተገነጠለ፣ ዋጋውም ያለ ምክንያት የረከሰ ስፖኪዮ የሆነ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ያጣው ነው፤ አይግዙት። ሞተር ሲገዙ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር አዲሱን ቁጥር ለማስመዝገብ ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይጠየቃሉ። ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር በጠመኔ አድምቀው ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቦታው የተላጠ ወይም ፊደሎቹ የተዘበራረቁ ከሆነ ሞተሩ በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

ከተራው ማዶ

ለመኪና የማይሆነው ሁሉ መጨረሻው መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቆርቆሮ እዚያ ሲደርስ በርሜሉ ምድጃ፣ ቸርኬው የከሰል ማንደጃ፣ ጎማው በረባሶ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ቆሞ ለማየት ግማሽ ቀን ቢመድቡ አይቆጭዎትም። የተሰበረ ባሌስትራ (ከብረት ቅጠሎች የተሠራ የመኪና ሞላ) ወስደው ቢላዋ ወይም ምሳር ማስቀጥቀጥ ከፈለጉ፣ ቅጠሉን አንጠልጥለው በመዶሻ ይምቱት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ከተዳፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ። የመሃሉ ብሎን ቀዳዳ አካባቢ ያለውን አያስቀጥቅጡ፤ ቅጠሉ የሚደክመው እዚያ ነው። ሲጠነክር በዘይት ይጥለቅ፤ በውኃ ከተነከረ አብዛኛውን ጊዜ ይሰነጠቃል። በዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ እሳት ላይ የሚውል ዕቃ እንዳይሠራልዎ፤ ሲግል የሚያወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል። ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ደግሞ ለውኃ ማጠራቀሚያ አይግዙ፤ ምን እንደነበረበት ጽሑፉ ከተፋቀ ይለፉት።

ከተገጠመ በኋላ

ያገለገለ ዕቃ ሲገጠም ዙሪያውን ያለውን ርካሽ ነገር አብሮ መቀየር ልማድ ይሁን። ለሞተር ፓራሎሊዮዎቹና ቺንጋው፣ ለካምቢዮ የፍሪሲዮን ዲስክና የኋላ ፓራሎሊዮ፣ ለራዲያተር ማኒኮቶ (የውኃ ቱቦ) እና ክዳን። አለበለዚያ በአንዲት ርካሽ ዕቃ ምክንያት የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ዘይት የሚጠጣ ዕቃ ከሆነ በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ይቀይሩና አሮጌውን በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሰው በማግኔቱ ይዩት።

መሞከሪያ ቀንዎ ሳያልፍ መኪናውን ሜዳ መንገድ ላይ ብቻ አይፈትኑት። ወደ እንጦጦ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ያውጡት፣ ከዚያ ሲወርዱ እግርዎን ከጋዝ አንሥተው ካምቢዮው ሲይዝ የሚያሰማውን ድምፅ ያዳምጡ። ማርሽ ራሱን ካወጣ፣ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ ወይም ቮልቱ ከ13.5 ከወረደ ዕቃውን በዚያው ቀን ፈትተው ምልክቱን ለሻጩ ያሳዩት።